በማን ስም

የበርበሬ ፋብሪካው የተነሳው ከእሷ ሙያ ስለነበር በሟች እናቷ ስም እንዲጠራ ፈለገች። ባሏ ግን «የድሮ ስም ገበያ አይስብም፤ ‹ሶልያና› እንበለው» አላት።

«የማን ስም ነው?»

«የማንም። ለአፍ ስለሚቀል ነው። ልጅ ቢኖረንማ በልጃችን ስም እንሰይመው ነበር።»

ልጅ ሲነሳ አንገቷን ደፋች፤ ተስማማች።

በምርቃቱ ቀን ከአማቷ ጎን ቆማ እንግዶች ስትቀበል፣ አይታት የማታውቃት አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ሮጣ መጥታ የአማቷን ቀሚስ ያዘች። አማቷ ጎንበስ ብለው ሳሟት።

«ሶልያንዬ፣ ሂጂ ከአባትሽ ጋር ሪባኑን ቁረጪ።»

ከዚያ ወደ እሷ ዞር አሉ።

«አይዞሽ ልጄ፣ እኔንም መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። ትለምጃታለሽ።»