ሃምሳ ሁለት ኪሎ አሸዋ

ሻጩ አንድም መኪና ሳይሸጥ ሁለተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው የመሸጫውን የመስታወት በር ገፍተው ሲገቡ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ሰዓት ሠሪ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገመተ፤ አንገታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለች ትንሽ ማጉያ መነጽር ነበረች።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ግራጫ። ሻጩ ለዓመታት ሲያነበንበው የኖረውን ነገር ጀመረ።

«ነጩ ለዕለት ኑሮ ነው አባቴ። ነዳጅ አይጠጣም፣ መለዋወጫው እንደ ልብ ነው፣ ነገ ልሽጠው ቢሉም ዋጋው አይወርድም። ግራጫው ደግሞ ለዳገትና ለድንጋይ ነው፤ ግን...»

«ግን በዓመት ስንት ቀን ድንጋይ ላይ ይወጣሉ?» ብለው ሽማግሌው ጨረሱለት።

ሻጩ ክው አለ። የራሱን ቃል፣ ያውም ሳይዛነፍ! ጎረቤት ያለው ተፎካካሪ መሸጫ ሰላይ ልኮበት እንደሆነ ጠረጠረ። ጥርጣሬው እየባሰ ሄደ፤ ሰውየው ዋጋ አልጠየቁም፣ ነጩን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፣ ሲያልፉት ግን «የዚህ የኋላ በር ሁለቴ ካልተገፋ አይገጥምም» አሉ። እውነታቸውን ነበር።

«ግራጫውን ልሞክረው» አሉ። «ከቤቴ ደጅ እስከ ሆስፒታሉ በር። የምነዳውም እኔ ነኝ።»

ቤታቸው ከከተማው ውጭ፣ ከድንጋይ ማውጫው ማዶ ነበር። መጋረጃው ተዘግቷል። በሩ ሥር አቧራ የለበሰ የሴት ነጠላ ጫማ ተቀምጧል። ሽማግሌው ከጓዳ አንድ ጆንያ እየጎተቱ አወጡና ሻጩን አግዘኝ አሉት። የኋላው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው ጆንያውን አጋደሙት፣ በቀበቶም አሰሩት።

«ይሄ ምንድን ነው አባቴ?»

«አሸዋ ነው። ሃምሳ ሁለት ኪሎ። የባለቤቴ ክብደት።»

«ታመው ነው እንዴ?»

«ልቧ ነው» አሉ፣ የብርድ ልብሱን ጫፍ እያስተካከሉ። «ሐኪሙ የነገረኝ ሃምሳ ደቂቃ ነው። ከሃምሳ ካለፈ ምንም ማድረግ አይቻልም ነው ያለኝ። ስለዚህ ከዚህ ደጅ ተነሥቶ በሃምሳ ደቂቃ ውስጥ የሚደርስ መኪና እንዳለና እንደሌለ ማወቅ አለብኝ።»

ሰውየው አንጀቱን በሉት። ሰላይ ብሎ ማሰቡ አሳፈረው። ለካስ ሚስታቸውን ለማትረፍ የሚባዝኑ ምስኪን ናቸው! ይህን መኪና ካልሸጥኩላቸው ሰው አይደለሁም ሲል ለራሱ ማለ።

ሽማግሌው ሰዓታቸውን ከፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ሞተሩን አስነሡ። ከሰዓቱ አጠገብ የተከፈተ ደብተር ነበር። የመጀመሪያው መስመር በሰማያዊ ብዕር፣ የቀሩት በእርሳስ ተጽፈዋል፤

ነጭ፣ 63
ቀይ፣ 58
ጥቁር፣ 55
አረንጓዴ፣ 57

«አንዱም አልደረሰም?» አለ ሻጩ።

«አንዱም።» ድምፃቸው የተማረረ ሰው ድምፅ አይመስልም፤ እንዲያውም እፎይ ያለ ነበር። ሻጩ በሆዱ ሳቀ። ዋጋ ሊያስቀንሱ ነው፤ ከወዲሁ ማጣጣል መጀመራቸው ነው።

መንገዱ መንገድ ለማለት ያስቸግር ነበር። የድንጋይ መኪኖች ቆፋፍረውት፣ ጎርፍ ቦርቡሮት አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ሽማግሌው ግን እያንዳንዷን ጉድጓድ ያውቋታል። ጉድጓድ ሲመጣ ፍጥነት ቀንሰው በመስታወቱ ጆንያውን ያዩታል።

በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ወንዙ ጋ ደረሱ። መኪናው ድንጋዩና ጭቃው መሀል ገባ። ጎማዎቹ ባሉበት ተሽከረከሩ።

«እዚህ ነው ሁሉም የሚዘገዩት» አሉ ሽማግሌው። እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሡ። ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። «በቃ። ማንም ቢሆን በሃምሳ ደቂቃ አይደርስም ማለት ነው።»

«ኧረ አባቴ፣ ገና ምኑ ተነካና!»

ሻጩ እጁን ሰደደና አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረውን ማርሽ አስገባ። «አሁን ቀስ አድርገው ይርገጡት። ምንም አይፍሩ።»

ሽማግሌው ነዳጁን ለመርገጥ ጊዜ ወሰዱ። በመጨረሻ ረገጡት። ግራጫው መኪና አንዴ አጓራና ዳገቱን እንደ ደረጃ ወጣው። ጆንያው ንቅንቅ አላለም። ሻጩ በደስታ ጉልበቱን መታ።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ፍሬን ያዙ። ሁለቱንም ጊዜ ሻጩ «ይንዱት፣ ይንዱት! ሰዓት እየሄደ ነው» እያለ አጣደፋቸው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲቆሙ ሻጩ ሰዓቱን ነጥቆ አየ።

«አርባ አንድ! ዘጠኝ ደቂቃ ተርፎ! እንኳን ደስ አለዎት አባቴ፣ ባለቤትዎ ዳኑ ማለት እኮ ነው!»

ሽማግሌው እርሳሱን አነሡ። ከአረንጓዴው ሥር «ግራጫ» ብለው ጻፉ። ቁጥሩን ግን ሳይጽፉ እርሳሱን መልሰው አስቀመጡት። የዘበኛው ፊሽካ እስኪጮህባቸው ድረስ በሩን እያዩ ተቀመጡ።

«ሰዓቱ ተሳስቶ ይሆን?» አሉ በመጨረሻ።

«ሰዓት ሠሪ አይደሉም እንዴ? የእርስዎ ሰዓት ይሳሳታል?»

«አይሳሳትም።»

«ታዲያ ምነው? አልወደዱትም?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት አንተ አዳራሽ ስንመጣ እሷ ይሄንን ግራጫውን ነበር የመረጠችው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «በነጩ ሳመጣት ስልሳ ሦስት ደቂቃ ፈጀብኝ።»