ያየ ሰው ነበር?

«ምን ወሰዱ?» አለች ፖሊሷ ከቅጹ ላይ ቀና ሳትል።

«ምንም» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ስልክ? ጨርቅ?»

«ምንም አልወሰዱም፣ ልጄ።»

ቁልፍ ሠሪው አግዳሚው ወንበር ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ እጃቸውን ያያል። በፋሻ የተጠቀለለው ቀኙ ነው፤ መቀስ የሚይዙበት። ጠዋት ቁስሉን በገዛ ፎጣው አስሮ፣ ሐኪም ዘንድ አድርሶ፣ «የለም ጋሼ፣ ይሄን ነገር ሕግ ይመልከተው» ብሎ እየጎተተ እዚህ ያመጣቸው እሱ ነው። ሱቆቻቸው ፊት ለፊት ናቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከመንገዱ ማዶ ለማዶ ሰላምታ ሲለዋወጡ ኖረዋል።

«ሱቅዎን ከመቱት ልጆች ጋር ጠብ ነበራችሁ?»

«አላውቃቸውም። ድንጋይ ወረወሩ፣ የሱቄ መስታወት ተሰበረ፣ ስብርባሪው እጄን ቆረጠኝ። በቃ።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «መስታወቱም እንደኔ አርጅቶ ነበር።»

«እንግዲህ ንብረት ማውደምና ቀላል የአካል ጉዳት ብዬ ልመዝግበው።»

ሽማግሌው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቶሎ ተገላግለው መውጣት ነው የፈለጉት።

«ያሉትስ አይጻፍም?» አለ ቁልፍ ሠሪው።

ፖሊሷ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ምን አሉዎት?»

«አልሰማሁም።»

ሰምተዋል። እሱ ከመንገዱ ማዶ የሰማውን፣ በራፋቸው ላይ የቆሙት ሰውዬ እንዴት አይሰሙትም? ከእህታቸው ጋር በስልክ፣ በእናታቸው ቋንቋ እያወሩ ይስቁ ነበር። ሳቃቸው ነው መጀመሪያ የተቋረጠው፤ መስታወቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ሊናገር አፉን ከፈተ። ቃሉ እንግዳ አይደለም። አጎቶቹ ቤት ውስጥ እየቀለዱበት ነው ያደገው። እሳቸው በተቀመጡበት በገዛ አፉ ሊደግመው ነው።

«‹አንተ መጤ› አሏቸው» አለ። «‹ይህን የወፍ ቋንቋህን እዚህ አታሰማን። ወደ መጣህበት ካልሄድክ ከነዘርህ እናቃጥልሃለን› አሉ። ከዚያ ነው የወረወሩት።»

እስክሪብቶው ቆመ።

«በዚህ ቃል? ከመወርወራቸው በፊት?»

«በዚህ ቃል።»

ፖሊሷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ግማሹን የሞላችውን ቅጽ ወደ ጎን ገፍታ ከመሳቢያው ሌላ አወጣች።

«አባቴ፣ ይሄ የመስታወት ጉዳይ አይደለም» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «የተመቱት በማንነትዎ ነው። እንደዚያ ተብሎ ካልተጻፈ ነገ ሌላ ሰው ሲመታ እንደ አዲስ ‹ምን ወሰዱ?› ብዬ ልጠይቅ ነው። ከዚህ በፊትስ ደርሶብዎት ያውቃል?»

ልብስ ሰፊው የተጠቀለለ እጃቸውን በሌላው እጃቸው ሸፈኑት።

«አራተኛው ነው።»

ቁልፍ ሠሪው ቀና አለ። ይህን አያውቅም።

«ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ።»

«የመጀመሪያው ክረምት ላይ ነው። ሱቄን ስዘጋ ሦስት ሆነው መጡ። ኮፍያዬን ከራሴ ላይ አንስተው ጭቃው ውስጥ ጣሉት። አንሳ አሉኝ። አነሳሁ። መልሰው ጣሉት። አንሳ አሉኝ...» ቆም አሉ። «እንዲህ እያልን ቆየን።»

«ያየ ሰው ነበር?»

ሽማግሌው የፋሻቸውን ጫፍ አስተካከሉ። ወደ ቁልፍ ሠሪውም አልዞሩም። ሆን ብለው እንዳልዞሩ ሲገባው ዝናቡ ትዝ አለው። ሦስቱ ልጆች፣ ደጋግሞ ጎንበስ የሚለው ጀርባ፣ ሳቁ። ያን ቀን ለራሱ «እየተጫወቱ ነው» ብሎ ነበር። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ የቁልፍ መቅረጫውን ማሽን አስነሳ። የሚቀርጸው ቁልፍ አልነበረም። በባዶው አስጮኸው፤ ውጪ ያለው ድምፅ እስኪጠፋ። በሳምንቱ ሱሪ ወስዶላቸው አሳጥረውለታል፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገሩትም።

«አባቴ? ያየ ሰው?»

«ዶፍ ዝናብ ነበር» አሉ ልብስ ሰፊው። «መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም።»

ፖሊሷ «የለም» ብላ ልትጽፍ አጎነበሰች። ዝም ቢል እዚያው ያልቃል። ጎረቤቱን አይዞዎት ብሎ ያመጣ ደግ ሰው ሆኖ ወደ ሱቁ ይመለሳል።

«ነበረ» አለ።

«ማን?»

«እኔ። ሱቄ በራፍ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ገባሁ።»

«ሙሉ ስም?»

ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ነገራት። ልብስ ሰፊው ገና አሁን ዞረው እንዳዩት ታወቀው። ዓይናቸውን ለማየት አልደፈረም፤ እስክሪብቶዋ የአያቱን ስም ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ እሱን ብቻ ሲያይ ቆየ።