ሦስት ጊዜ የጮኸ ውሻ

1999 ዓ.ም. ኅዳር ነበር። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ቀን ፀሐይ ትወጣለች፤ ንፋሱ ግን ቀንም ማታም አይተኛም።

መኳንንት የሚኖረው ከመሐል ሜዳ ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ነው። ገብሱ ደርሷል። ጭላዳ ዝንጀሮ እንዳይጨርሰው ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው እሱ ራሱ ነው። ተራ ልያዝልህ ያለውን ሁሉ ይመልሳል። ሚስቱ እየሩስ «ከሰው ወሬ የጭላዳ ጩኸት ይሻለዋል» ትላለች። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ በቀን አሥር ቃል የማይወጣው ሰው ነው።

አንድ ልጅ አለችው፤ ጽናት። መሐል ሜዳ ቤት ተከራይታ አሥረኛ ክፍል ትማራለች። ክረምት በመጣ ቁጥር ደብተሮቿን ይሰበስብባታል፤ ያለቀውንም ያላለቀውንም። «ለእሳት ማያያዣ» ይላል።

ጎረቤቱ ጫኔ ጽናትን ለልጁ ሊያጭ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። መኳንንት ሁለቴም «ትማር» ብሎ መልሷል።

ዓርብ ከሰዓት ጫኔ ከከተማ ሲመለስ ማማው ሥር ቆመ።

«ልጅህን አየኋት» አለ።

መኳንንት ዓይኑን ከገብሱ ላይ አላነሳም።

«ትምህርት ቤት እንዳይመስልህ። ቪዲዮ ቤት በር ላይ ተሰልፋ ነው። ወንዱም ሴቱም ተደባልቆ ነው የሚገባው፤ ውስጡ ደግሞ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው አሉ።»

መኳንንት ወደ ጭላዳዎቹ ድንጋይ ወረወረ።

«ፊልሙ ‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ› ይባላል። ይሄስ ለመኳንንት የተላከ ምክር ነው ብዬ ሳቅሁ። ጅቡ ሳይሄድ ጩህ፣ ወንድሜ።»

መኳንንት ከማማው ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ይባላል ነው ያልከኝ?»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በትልቁ ጽፈው ለጥፈውታል። ምነው፣ ሽማግሌዎቹን እንደገና ልላካቸው?»

«ነገ እነግርሃለሁ።»

ቅዳሜ በማለዳ ዱላውን አነሳ። እየሩስ ገብሱን ለጭላዳ ትቶ ሲሄድ አይታው አታውቅም። በሩ ላይ ቆመችበት።

«ያለችን አንድ ልጅ ናት። እንዳትመታብኝ።»

«መትቻት አውቃለሁ?»

«ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ ምን ልትሠራ ነው?»

«ላጣራ።»

ቪዲዮ ቤቱ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ነው። ባለቤቱ በኃይሉ በር ላይ ቆሞ ሱፍ ይፈለፍላል። ወረቀቱ በእርግጥም ተለጥፏል። መኳንንት ሦስት ጊዜ አነበበው።

«ይግቡ አባቴ፤ ጀምሯል እንጂ ወንበር አለ።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ሲዲ ነው የማዞረው፤ ጸሐፊውን ከየት አውቄው።»

«ጅቡ ማን ነው?»

«ጅብ የለበትም። አንድ የአዲስ አበባ ደላላ ነው፤ ልጅቷን አግብቶ ይሰወራል።»

«ባላገር አለበት?»

«አንድ አለ። መናኸሪያ ላይ ዶሮ ይዞ ይሮጣል።»

«ስሙ?»

«ስም አልሰጡትም። ምነው አባቴ፣ ስሜን አጠፉት ብለው ነው?»

መኳንንት ግድግዳውን ተደግፎ ጠበቀ።

ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ ጽናት ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ብቅ አለች። አባቷን ስታይ ሳቁ አፏ ላይ ቀረ። ጓደኞቿ ያላወቋት መስለው አለፉ።

«አየሽው?» አላት።

«አዎ፣ አባባ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«ከትናንቱ ጋር ሁለት ጊዜ» አለች፤ መዋሸት አላዋጣትም።

«መጨረሻው ምንድን ነው?»

«ይታረቃሉ።»

ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። እሷ ግን አላየችውም፤ የምታየው ዱላውን ነበር።

«በዚህ ስም ሌላ ሰምተሻል?»

ጽናት ከሌላ ሰው ከሚሰማ ብላ ሁሉንም ዘረገፈችው። እሁድ እሁድ አከራይዋ ቤት በቴሌቪዥን የምታየው ድራማ አለ፤ ያለፈው ሳምንት ክፍል ርዕሱ ይኸው ነበር። አንድ ልብ ወለድም አለ፤ ከመጽሐፍ አከራዩ ባድሩ ሱቅ ተከራይታ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዴስክ ሥር አንብባዋለች።

«ሦስት» አለ መኳንንት።

ጥፋቷን የሚቆጥር መሰላት።

«ርዕሱ ነው እንጂ አንድ አይደሉም እኮ፣ አባባ። ፊልሙ ሌላ፣ ድራማው ሌላ፣ መጽሐፉ ሌላ ነው። ተረት ባለቤት የለውም፤ ደስ ያለው ሁሉ ያወጣዋል።»

«ከሦስቱ የቀደመው የትኛው ነው?»

ከመቼ ጀምሮ እንደተበላሸች ሊያውቅ ነው አለች በልቧ።

«መጽሐፉ። አምና ነው የታተመው።»

«አምና» አለ። መንገዱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ እንደገና የተለጠፈውን ወረቀት አየ።

ጽናት ልትጠይቅ የፈራችውን ጠየቀች። «ለጋሼ ጫኔ ልጅ ሊድሩኝ ነው?»

ገና አሁን ልብ ብሎ ያያት መሰለ።

«ፈተናሽ መቼ ነው?»

«ረቡዕ።»

«አጥኚ» አለና መንገዱን ጀመረ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱ ደረሰ። ጫኔ ከእየሩስ ጋር ደጁ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

«እህስ፣ ጉዱን አየህ?»

«አየሁ።»

«ታዲያስ?»

«ትማራለች።»

«ጅቡ መጣልህ፣ መኳንንት።»

«ይምጣ።»

ጫኔ እያጉረመረመ ሄደ። እየሩስ ሦስት ጊዜ አማተበች፤ ምን እንዳለዘበው ግን አልጠየቀችም።

መኳንንት ወደ ጓዳ ገባ፤ አምስት ዓመት ሲጽፈው የኖረውን ልብ ወለድ አወጣና ከመጀመሪያው ገጽ ላይ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ርዕስ ሰረዘው።