የማያልቀው ጠረጴዛ

የጠዋቱ ብርሃን ከጎን እንዲያርፍበት ጎንበስ ብዬ የጠረጴዛውን ፊት አያለሁ። ትናንት መስታወት አስመስዬው ነበር የወጣሁት። አሁን መሃሉ ላይ፣ ባለቤቲቱ ካውያ ረስታ ካቃጠለችው ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ጎድጎድ ያለ ነገር ይታያል።

አባባ በሩ አጠገብ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ሥራዬን የሚመረምረው በእጁ ነው፤ ዛሬ ግን ቀኝ እጁን ከካፖርቱ ኪስ አላወጣም። "እንዴት አደረ?" ይለኛል፣ ስለ ታመመ ሰው እንደሚጠይቅ ሁሉ።

ውጭ አጎቴ የጭነት መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ሻንጣዬ ተጭኗል። ይህ ጠረጴዛ የመጨረሻ ሥራችን ነው፤ እግረ መንገዴን ለባለቤቲቱ አስረክቤው ሌላ ከተማ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ልገባ፣ አባባ ደግሞ ወንድሜ ዘንድ ሊሄድ ነገሩ ተቆርጧል። ዛሬ ካልተነሳሁ ፋብሪካው ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጣል። የያዙትን እንጨት ሳይጨርሱ ጥሎ መሄድ ደግሞ በአባባ ቤት ነውር ነው። ይህንን ያስተማረኝ መጋዝ ከማስያዙ በፊት ነው።

ጠረጴዛው ግን አላልቅ አለኝ። ቫርኒሹ እስኪደርቅ አቧራ እንዳይገባ መስኮቱ ይዘጋል፣ ወለሉ ላይ ውሃ ይረጫል፣ ማንም ዝር አይልም። ሆኖም ጠዋት ስገባ አንድ እንከን አይጠፋም። መጀመሪያ አቧራ ነው አልኩ። ቀጥሎ የድመቷን ስም አጠፋሁ፤ ምስኪን፣ ከቤት አባረርኳት። እፍቃለሁ፣ እቀባለሁ፣ እንደገና እፍቃለሁ። የቫርኒሹ ሽታ ልብሴ ውስጥ ገብቷል። ይህ የተዘጋ ክፍል እንቅልፌ ድረስ እየተከተለ ያፍነኛል።

መስኮቱን ከፍቼ እንደገና አጎነብሳለሁ። ጎድጓዳው የጣት ምልክት ነው። ሰፊ፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ። እንዲህ ያለ አውራ ጣት ያለው አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ ጫፉን መጋዝ የወሰደበት እኔ ሳልወለድ ነው።

ልጮህበት አፌን ስከፍት፣ ኪሱ ውስጥ ያለው እጅ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ሄጄ አጠገቡ እንበረከክና እጁን አወጣዋለሁ። አይከለክለኝም። አውራ ጣቱ ላይ ቫርኒሹ ከካፖርቱ ክር ጋር ተጣብቆ ደርቋል። ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነክሬ እጠርግለታለሁ። ያ ሁሉ እንጨት የገፋ እጅ እንዲህ መቅለሉን አላውቅም ነበር።

"ሳይደርቅ ነክተሽው ይሆናል፣ ልጄ" ይላል ወደ መሬት እያየ። "አንድ እጅ ቅብ ሳይቀረው አይቀርም።"

አጎቴ ክላክስ ያደርጋል፤ ረዘም አድርጎ።

"አዎ፣ አባባ" እለዋለሁ። "እኔ ነኝ የነካሁት።"

ተነስቼ መስኮቱን እዘጋለሁ። ክላክሱ እንደገና ሲጮህ ከሌላ ሰፈር የመጣ ይመስላል። ብርጭቆ ወረቀቱን አጥፌ ከወዲያኛው ጥግ መፋቅ እጀምራለሁ፤ የአውራ ጣቱን ቦታ ለመጨረሻ አስቀርቼ።