ኢንተርኔቱን የበላው ማን ነው?

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ሳይሆን አይቀርም፤ ምናልባትም ማክሰኞ፤ አስተርጓሚው ራሱ እርግጠኛ አይደለም። የተባለውን ግን አይረሳውም። የቢሮው ኃላፊ፣ "በቪዲዮ ስታስተረጉም ምስልህ አንድ ጊዜ ድርቅ ቢል፣ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ" ብለውታል።

አስተርጓሚው ሳይለካ የማይቆርጥ ሰው ነው። ባትሪው የሞተ አሮጌ ኮምፒውተሩን ሳሎን ጥግ ሰክቶ፣ የኢንተርኔቱን ፍጥነት ቀን ከሌት እንዲለካ አደረገው። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ደነገጠ፤ ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ እንዲለካ አዘዘው። ቁጥሩ ይባስ ወረደ።

ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ ሻጮቹን በጥያቄ አሰልችቶ፣ አዲስ ራውተር ገዛ። የይለፍ ቃሉን ቀየረ። ለጎረቤት እንዳያፈስ ከመስኮቱ አራቀው። ፍጥነቱ ግን ያው፣ እንደ ኤሊ።

የቀረው ተጠርጣሪ አንድ ነበር፤ ሶፋው ላይ ተጋድመው ከተከታታይ ድራማ ዓይናቸውን የማይነቅሉት አክስቱ።

"እትዬ፣ ነገ ስብሰባ አለኝ። ስልክዎን ከራውተሩ አስወጥቼዋለሁ።"

"እኔን? ያ የድራማዬ ምስኪን ከእስር ሊፈታ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ?"

"ለአንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ቢቆም አይሞትም።"

"አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ" አሉ አክስቱ። "ይሁን። ጎረቤታችን ሴትዮ ዘንድ ሄጄ ድራማዬን ጭኜ እመጣለሁ።"

በማግሥቱ እንዳሉት ጎረቤት ሄደው፣ ድራማውን ስልካቸው ላይ ጭነው ተመለሱ። የስልኩ ባትሪ አልቆ ኖሮ፣ ገመዱን ይዘው ሳሎኑን ሲያስሱ እሱ በሩን ዘግቶ ስብሰባ ገባ።

ምስሉ እንደ መስተዋት ጠራ። አንዴም አልተቆራረጠ። በመጨረሻ ኃላፊው፣ "ዛሬስ ጎበዝ፤ ቦታው ያንተ ነው" አሉት።

አስተርጓሚው ደረቱን ነፍቶ ሳሎን ወጣ።

"አዩ እትዬ? እርስዎን ሳስወጣ ኢንተርኔቱ እፎይ አለ።"

"እሰይ ልጄ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሱ። "እኔም ሰውዬዬን አስፈታሁ። ይህ ቤት ግን ሶኬት የለውም፤ ምንም የማይሠራ ዕቃ ተሰክቶበት።"

ቆየት ብሎ ሁለት ጊዜ ሞክሮ አረጋገጠ፤ የአክስቱን ገመድ ነቅሎ ፍጥነት ለኪውን አሮጌ ኮምፒውተር መልሶ ሲሰካ፣ ምስሉ ድርቅ አለ።