ባዶው የፎቶ ቦታ

ለቪዶሳቫ የአርባ ቀን ተዝካር ዘመድና ጎረቤት መቃብሯ ዘንድ ተሰበሰበ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ እንደ ሰርቦች ደንብ የሁለቱም ስም ተቀርጿል፤ የእሷም፣ በሕይወት ያለው የባሏ የራዲቮዬም። ደንቡ የሁለቱም ፎቶ አብሮ እንዲለጠፍ ቢሆንም፣ ያለው ግን የእሷ ብቻ ነው። ከራዲቮዬ ስም በላይ ባዶ ክብ ተትቷል።

«ድንጋዩን ያዘዘችው ራሷ ናት» አለች ጎረቤታቸው ስታና፣ ጣፋጩን ንፍሮ እያላመጠች። «ሠላሳ አምስት ዓመት አብራው የኖረችውን ባሏን ፎቶ ነፈገችው? እንጃ፣ አንድ ነገር ብታውቅ ነው።»

ልጃቸውን ኦግኒየንን ነገሩ ከነከነው። አባቱ በስልሳ ዓመቱ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። ቤት ሲሆን የእናቱን ሻርፕ አንገቱ ላይ ጣል ያደርጋል፤ ሐዘን ነው ተብሎ ታልፏል። ዓምና ደግሞ ቤልግሬድ አንዲት ሐኪም ዘንድ ሁለቴ ሄዶ ለምን እንደሆነ አልተናገረም።

በማግስቱ ኦግኒየን ከአባቱ መሳቢያ ውስጥ እሽጉ ያልተነካ ሣጥን አገኘ። ቆዳ ላይ የሚቀባ የሴት ሆርሞን ነው፤ «በትንሹ መጠን» የሚል ተጽፎበታል። እናቱ የሞተችው በጡት ካንሰር ነው። እንዲህ ያለው መድኃኒት ለእሷ ክልክል ነበር።

«የማን ነው ይሄ?» አለው አባቱን።

ራዲቮዬ ወንበር ሳበለት። «ልጄ፣ ቁጭ በልና ልንገርህ…»

«ሴትየዋ ማን ናት? እማዬ እየሞተች ለሌላ ሴት መድኃኒት ትገዛለህ? ትንሽ አታፍርም?»

ሣጥኑን ምድጃው ውስጥ ወረወረው። አባቱ እጁን ዘረጋ፤ ወዲያው መልሶ ሰበሰበው። ተቃጥሎ እስኪያልቅ ቆሞ አየውና አለቀሰ። ኦግኒየን የጥፋተኛ ለቅሶ መሰለው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እናቱ ወንድም፣ ወደ ድንጋይ ጠራቢው ቲሆሚር ሄደ።

«ጋሼ፣ የአባቴን ስም ፋቅልኝ። እናቴ አጠገብ አይቀበርም።»

«አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም?» ቲሆሚር መዶሻውን አስቀመጠ። «እህቴ ትእዛዟን በእጇ ጽፋ ትታልኛለች። ከቃሏ ፍንክች አልልም። ለማንም አላሳየሁም፤ አንተ ግን ልጇ ነህ። እንካ፣ አንብበው።»

ኦግኒየን የእናቱን ጽሕፈት ገና ሲያይ እንባው መጣ።

«ቲሆሚር ወንድሜ፣ የራዲቮዬን ፎቶ ቦታ ባዶ ተወው፤ ዕድሜውን ሙሉ እንደተመኘው ፊቱ ትንሽ ወደ ሴት እንዲለሰልስለት የቤልግሬዷ ሐኪም ያዘዘችለትን መድኃኒት ልጀምር አልጀምር እያለ ዓመት ሙሉ አመንትቷል፤ ከአርባ ቀኔ ተዝካር በኋላ ሊጀምር ምሎልኛልና፣ ያኔ የሚወደውን ፎቶ ራሱ ያመጣልሃል።»