ጋሽ ዘርዓብሩክ ሲቆዝሙ

ጋሽ ዘርዓብሩክ ቆዘሙ። እጃቸው አንዷን የዶሚኖ ድንጋይ ነካ አድርጎ ተዋት፤ ሌላዋን ነካ፤ ተመልሶ ወደ መጀመሪያዋ ሄደ። ጣሪያውን አዩ፣ ተነፈሱ፣ አገጫቸውን ያዙ። ሠላሳ ዓመት በልብስ ስፌት ሲኖሩ መቀሳቸው አንዴም አመንትቶ የማያውቅ ሰው፣ ሁለት ድንጋይ ይዘው ደቂቃ ሙሉ ፈጁ።

ትይዩ የተቀመጠው አጣማጃቸው ለሊሳ፣ «ይጣሉ፣ በእናትዎ ይጣሉ» እያለ በልቡ ይለምናል።

በመጨረሻ በአንደኛው ጫፍ ጣሉ፤ ጫፉ ሁለት ሆነ። በወዲያኛው ጫፍ ያለው አምስት እንደተከፈተ ቀረ። በቀጨኔው የእድር አዳራሽ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ነገሩ ገባው። መምረጥ ያቃተው ሰው በሁለቱም በኩል የሚሄድለት አለው ማለት ነው። እጃቸው ላይ የቀረችው ድንጋይ አምስት አለባት።

ጣጣውም ይኸው ነው። አምና በዚሁ ውድድር ለአጣማጅ ምልክት በመስጠት ሰበብ ጠብ ተነስቶ ሁለት ወንበር ከተሰበረ ወዲህ፣ ዳኛዋ ወይዘሮ ረይሃና ሕግ ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። ማሳል ክልክል ነው። ጆሮ ማከክ ክልክል ነው። «እግዚኦ» ማለትም ክልክል ነው። ማሰብን መከልከል ግን ስላልቻሉ እንዲህ ብለው ለህሊና ተዉት፦ «አጣማጅህ ከቆዘመ፣ በመቆዘሙ እንዳልተጠቀምክ ጨዋታህ ይመስክር።»

«አለፍኩ» አለ ቶለሳ፣ የባላጋራቸው የሬድዋን አጣማጅ።

ተራው የለሊሳ ሆነ። ከያዛቸው ሁለት ድንጋዮች አንዱ ሁለት ቁጥር ባለበት ጫፍ ይሄዳል፤ እሱን ከጣለ አምስት ክፍት ስለሚቀር ጋሽ ዘርዓብሩክ ይጨርሳሉ፣ ዋንጫው የእነሱ ነው። ሌላው ድንጋይ አምስትን ይዘጋል፤ ያኔ አንድ ድንጋይ ብቻ የቀረው ሬድዋን ሳይቀድማቸው አይቀርም። ዋንጫው ሦስት ዓመት ሙሉ ሽሮ ሜዳ ባለው የሬድዋን ሱቅ፣ ጋቢ መሀል ተቀምጦ ከርሟል። ጋሽ ዘርዓብሩክ እሱን ላለማየት በዚያ ማለፍ ትተው በላይ በኩል ይዞራሉ።

ለለሊሳ የዋንጫው ነገር ቀላሉ ነው። የፊታችን እሑድ የጋሽ ዘርዓብሩክን ልጅ ኢየሩን ለመጠየቅ ሽማግሌ ሊልክ ነው። እሳቸውም ይህን ሰምተው፣ «እስቲ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ልየው» ብለው ነው አጣማጃቸው ያደረጉት።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበው፣ አምስትን ክፍት ለመተው የወሰነው ገና እሳቸው ሳይቆዝሙ መሆኑ ነው። ሬድዋን ቀደም ሲል በአምስት ሲያልፍ አይቶ፣ በራሱ ጭንቅላት፣ ቆጥሮ። አሁን ያንኑ ቢጫወት ማን ያምነዋል? እሱስ ራሱን ያምናል? የገዛ ሐሳቡን ነጥቀው የሌባ ሐሳብ አደረጉበት።

ጋሽ ዘርዓብሩክ ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ከጀሉ። ወይዘሮ ረይሃና ቀና ብለው አዩዋቸው። ዋጡት።

ለሊሳ አምስትን ዘጋ።

«ጨረስኩ!» ሬድዋን የመጨረሻ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ ሲያጮኸው አዳራሹ ቀለጠ።

ጋሽ ዘርዓብሩክ ጎንበስ አሉና በሹክሹክታ፣ «አንተ፣ አልገባህም?» አሉ። «ከዚያ በላይ እንዴት ልቆዝም? ልሙትልህ?»

«ገብቶኛል ጋሼ።»

«ገብቶህ ነው የዘጋኸው?»

«ስለገባኝ ነው የዘጋሁት።» እሑድ ገደል ስትገባ ታየችው። አንዴ ከገባች ደግሞ ብሎ ቀጠለ። «ባይቆዝሙ ኖሮ ክፍት ልተወው ነበር። ቆጥሬ ጨርሻለሁ እኮ።»

«ማለት... ዝም ብዬ ብጥል ኖሮ...»

«እናሸንፍ ነበር።»

ጋሽ ዘርዓብሩክ ያቺን ድንጋይ አገላብጠው አዩዋት። ፊታቸው ቀላ። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፤ ልጁን አሁን ገና ያዩት ይመስል አተኩረው አዩት።

«እሑድ ሽማግሌዎችህን ላክ» አሉ። «ለወጉ ያህል አንዴ እመልሳቸዋለሁ፤ እንዳትደነግጥ። በሚቀጥለው ይምጡ። ላንተ ልጄን ስሰጥ ቅር አይለኝም።»

ለሊሳ ጉልበታቸውን ሊስም ብድግ አለ። በእጃቸው አቆሙት።

«ዶሚኖ ግን ዳግመኛ ከእኔ ጋር አትጫወትም! እንዳንተ ያለው ሰው የሚያምረው በባላጋራ በኩል ሲቀመጥ ነው። ከርሞ ከሬድዋን ጋር ተጣመር።»

ሬድዋን ይህን ሲሰማ ዋንጫውን መወልወሉን አቆመ።

«ኧረ ጋሽ ዘርዓብሩክ፣ እኔ ምን በደልኩ?» አለና ዋንጫውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።